በፑኔ የጋኔሽ በዓል ሰሞን እንዴት ይኖራል? ለአዲስ ገቢ ኢትዮጵያውያን ምክር ይፈለጋል

አዲስ ገቢ፦ ነሐሴ 24 ቀን 2018

ውድ ወገኖቼ፣ ለሁለተኛ ዲግሪ ትምህርቴ ወደ ሕንድ ፑኔ ከተማ የመጣሁት በዚህ ክረምት ነው። ሳዳሺቭ ፔት በሚባለው ነባር ሰፈር፣ በአንድ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ከአንዲት ኬንያዊት ተማሪ ጋር ተከራይተን እንኖራለን። ከመንገዱ ማዶ ወጣቶች የቀርከሃ ምሰሶ እያቆሙ ጨርቅ መወጠር ጀምረዋል፤ ማታ ማታ ደግሞ ከሙታ ወንዝ ዳር የከበሮ ልምምድ ይሰማል። ጎረቤቶቼ ጋኔሽ (ጋኔሻ) የሚሉት የሂንዱ አምላክ በዓል ዘንድሮ መስከረም 4 ቀን እንደሚገባና ምስሉን ወደ ውኃ የሚሸኙበት የመጨረሻው ስንብት መስከረም 15 እንደሚሆን ነግረውኛል።

የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ እምነት ተከታይ ነኝ። ጎረቤቶቼ እጅግ ደግ ሰዎች ናቸው፤ ላስቀይማቸው አልፈልግም፤ እምነቴንም ማቃለል አልፈልግም። ለአማልክት ቀርቦ ለእንግዳ የሚታደለውን ምግብ ሲያመጡልኝ ምን ላድርግ? መዋጮ ሲጠየቅ ይሰጣል ወይስ አይሰጥም? በዚያ ሰሞን የማስረክበው የጽሑፍ ሥራ ስላለብኝ ጩኸቱና የመንገዱ መዘጋጋትም ያሳስበኛል። በከተማዋ የቆያችሁ ብትመክሩኝ ትልቅ ውለታ ነው።

የፑኔ ነዋሪ፦ ነሐሴ 24

እኅቴ፣ እንኳን በደኅና መጣሽ። ለብዙዎቻችን አስቸጋሪ የሚሆነው የትኛው ቀን ምን ይዞ እንደሚመጣ አለማወቃችን ስለሆነ ከዚያ ልጀምር።

በዓሉ በሂንዱዎች የጨረቃ አቆጣጠር ባድራፓድ በሚባለው ወር፣ ጨረቃ በታየች በአራተኛው ቀን ይጀምራል። በእኛ አቆጣጠር አንድ ዓመት በነሐሴ፣ ሌላ ዓመት በመስከረም የሚውለውም ስለዚህ ነው። በመጀመሪያው ቀን ቤተሰቦች የዝሆን ራስ ያለውን የጋኔሻን ምስል ገዝተው በከበሮና በጭብጨባ ወደ ቤታቸው ያስገባሉ። እንደየቤቱ ልማድ ለአንድ ቀን ተኩል፣ ለአምስት ቀን፣ ለሰባት ቀን ወይም እስከ መጨረሻው ቀን ያቆዩትና ወደ ውኃ ወስደው ይሰናበቱታል። በመካከሉ ጋውሪ የምትባለው እንስት አምላክ ለሦስት ቀን ትገባለች፤ በእነዚያ ቀናት የሰፈሩ ሴቶች ቤት ለቤት ስለሚጠራሩ አንቺም መጠራትሽ አይቀርም።

ከመስኮትሽ ማዶ የሚሠራው ዳስ ግን የቤተሰብ አይደለም፤ ማንዳል የሚባል የሰፈር ማኅበር ነው። በዓሉን ከቤት ወደ አደባባይ በማውጣት የሚታወቀው የነፃነት ታጋዩና የጋዜጣ አዘጋጁ ባል ጋንጋዳር ቲላክ ነው፤ ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1893 ሲሆን፣ በእንግሊዝ አገዛዝ ሥር የነበረው ሕዝብ ያለ መደብና ያለ ጎሣ ልዩነት የሚሰበሰብበት አጋጣሚ እንዲያገኝ አስቦ ነበር። ከእርሱ አንድ ዓመት ቀድሞ የጀመረው ባውሳሄብ ራንጋሪ ነው የሚሉም በከተማዋ አሉ፤ ክርክሩ እስከ ዛሬ አልበረደም። ይህን የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ለፑኔ ሰው ይህ በዓል ሃይማኖት ብቻ ሳይሆን የከተማው ታሪክና ኩራት ጭምር ስለሆነ፣ ጎረቤትሽ ‹ነይ እዪ› ስትልሽ እንድትሰግጂ እየጠየቀችሽ ላይሆን ይችላል።

አሁን ወደ መንገዱ። የስንብቱ ሰልፍ በዋናነት የሚያልፈው በላክሽሚ፣ በቲላክ፣ በኩምቴካርና በኬልካር መንገዶች ሲሆን ሰፈርሽ ከእነዚህ መካከል ነው። በቅድሚያ የሚያልፉት አምስቱ የክብር ምስሎች ናቸው፤ የካስባ ፔቱ ቀዳሚ ነው፣ ከዚያ ታምብዲ ጆጌሽዋሪ፣ ጉሩጂ ታሊም፣ ቱልሺባግና ኬሳሪ ዋዳ ይከተላሉ። ከእነርሱ በኋላ የሌሎቹ ማንዳሎች ተራ ይቀጥላል፤ ጠዋት የተጀመረው ሰልፍ ሳይቋረጥ አድሮ የማግስቱን ቀትር የሚያልፍበት ዓመት ብዙ ነው። ስለዚህ የመጠጥ ውኃ፣ አትክልትና መድኃኒት እስከ መስከረም 14 ማታ በቤትሽ ይሁን። ባጃጅ ወደ ሰፈርሽ አይገባም። ከእ.ኤ.አ. 2024 መስከረም መጨረሻ ወዲህ የምድር ውስጥ ሜትሮው በካስባ ፔትና በማንዳይ በኩል እስከ ስዋርጌት ስለሚደርስ፣ የግድ መውጣት ካለብሽ በእርሱ ሂጂ፤ ሕዝቡ ግን በጣቢያዎቹ ደጃፍ ይጨናነቃልና ሞባይልሽን አጥብቀሽ ያዢ። የመጀመሪያው ቀን ፑኔ በምትገኝበት በማሃራሽትራ ክልል የሕዝብ በዓል ስለሆነ ባንክና መሥሪያ ቤት ዝግ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። የውጭ ዜጎች ምዝገባሽን ጨርሰሻል? ቪዛው ከ180 ቀን በላይ የሆነ ተማሪ በገባ በ14 ቀን ውስጥ በኢንተርኔት ማመልከት አለበት፤ ‹በዓሉ ይለፍ› ተብሎ የሚቆይ ጉዳይ አይደለም።

ወለተ ማርያም፦ ነሐሴ 25

እኅቴ፣ ጥያቄሽ በብዙዎቻችን ልብ ውስጥ ያለ ነው። ‹ፕራሳድ› የሚሉት ምግብ አስቀድሞ በምስሉ ፊት ቀርቦ፣ ጸሎት ተደርጎበት፣ ከዚያ የሚታደል ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው የመጀመሪያ መልእክት በምዕራፍ 8 እና 10 ይህንኑ ጉዳይ አንሥቷል፤ በገበያ የተገዛውን ሳይመረምሩ መብላት እንደሚቻል፣ ‹ይህ ለጣዖት የተሠዋ ነው› ተብሎ ከተነገረን ግን መተው እንደሚገባ አስተምሯል። እዚህ ሳይነገር የሚሰጥ ፕራሳድ የለም፤ ሳህኑ ላይ ያለው ቀይ አበባና የሣር ዘለላ ራሱ ይናገራል። ስለዚህ እኔ አልበላም።

ይሁን እንጂ እንቢታ ጸያፍ ነገር አይደለም። የሕንድ ሰው በምግብ መለየትን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያየዋል፤ ጃይን የሆነው ድንችና ሽንኩርት አይበላም፣ አንዱ ማክሰኞ ይጾማል፣ ሌላው ሐሙስ። ‹እኅቴ፣ በእምነቴ በጸሎት የቀረበ ምግብ አልበላም፤ ስላሰብሽኝ ግን እግዚአብሔር ይስጥልኝ› ብዬ በግልጽ ስናገር የተቀየመኝ ጎረቤት አላጋጠመኝም። አንዲት አዛውንት እንዲያውም በሚቀጥለው ቀን ምስሉ ፊት ሳይቀርብ ከድስቱ በቀጥታ የተነሣ ለብቻው አምጥተውልኛል።

ኬሚስቱ፦ ነሐሴ 25

ወለተ ማርያም የጻፉትን አከብራለሁ፤ የነፍስ አባት ያላችሁ እርሳቸውን ጠይቁ። እኔ ልጨምር የምፈልገው ብዙ ሰው የማያስተውለውን የጾም ጉዳይ ነው።

ሞዳክ የሚባለው የበዓሉ ዋና ምግብ የሚሠራው በሩዝ ዱቄት ነው። በጎረቤቴ ኩሽና ቁጭ ብዬ ሲሠሩት አይቻለሁ። ዱቄቱ በፈላ ውኃ ተገንፍቶ ገና እየፋጀ ይታሻል፤ በመዳፍ ላይ እንደ ትንሽ ሲኒ ከተደረገ በኋላ ጠርዙ በሁለት ጣት እየተቆነጠጠ ይታጠፋል፤ ውስጡ የተፈቀፈቀ ኮኮናት፣ ጥቁር የሸንኮራ ስኳርና ሄል ይገባበታል፤ ከዚያ እጥፋቶቹ ወደ ላይ ተሰብስበው ጫፉ ይሾልና በእንፋሎት ይበስላል። ለምስሉ 21 ይቀርብለታል። እስከዚህ ድረስ የጾም ይመስላል፤ ነገር ግን ሲቀርብ ከላዩ ተከፍቶ የቀለጠ ቅቤ ይፈስበታል። ፔዳ የሚባለው ጣፋጭም ከወተት ነው። በሕንድ ‹ቬጅ› ማለት ሥጋና እንቁላል የለውም ማለት እንጂ ወተትና ቅቤ የለውም ማለት አይደለም፤ በታሸጉ ምግቦች ላይ ያለው አረንጓዴ ነጥብም እንዲሁ ነው። ዘንድሮ የስንብቱ ቀን ዓርብ ስለሚውል የምትጾሙ ይህን አትርሱ።

ስለ ስንብቱም ላንሣ፤ በሙያዬ ቅርብ ስለሆነ ልቤን ይነካዋል። ምስሎቹ ድሮ ከወንዝ ሸክላ ይሠሩ ነበር፤ በኋላ ግን ርካሹና ቀላሉ ጄሶ ተስፋፋ። ጄሶ በውኃ ውስጥ ቶሎ አይሟሟም፤ ቀለሙም ለወንዙ ጎጂ ነው። የከተማው አስተዳደር ለዚህ ሲል በየሰፈሩ ሰው ሠራሽ ገንዳዎች ያዘጋጃል፤ ምስሉን በቤቱ ባልዲ ውስጥ ማሟሟት ለሚፈልግም አሞኒየም ባይካርቦኔት ያድላል። ዘዴው እዚሁ ፑኔ ካለው ብሔራዊ የኬሚካል ላቦራቶሪ የመጣ ነው፤ ጄሶ ካልሲየም ሰልፌት ስለሆነ ከአሞኒየም ባይካርቦኔት ጋር ሲዋሐድ ካልሲየም ካርቦኔትና አሞኒየም ሰልፌት ይሆናል፤ የኋለኛው የታወቀ ማዳበሪያ ነው። አንድ ሕዝብ ልማዱን ሳይተው ወንዙን ለመጠበቅ የሚያደርገው ጥረት ለእኛም ትልቅ ትምህርት ነው እላለሁ። በነገራችን ላይ የከተማዋ ተማሪዎች በስንብቱ ቀናት ከገንዳዎቹ ዳር ቆመው አበባና ቅጠሉን ለብስባሽ ይለያሉ፤ ይህ ከአምልኮው ውጭ የሆነ ሥራ ነውና እኔ እሳተፋለሁ።

ዓለም አየሁ፦ ነሐሴ 25

ሁላችሁም በጨዋነት ጽፋችኋል፤ እኔ ግን የምመክራት አንድ ነገር ነው። ከቻለች ለስንብቱ ሁለትና ሦስት ቀን ከከተማ ትውጣ። ድምፁ የሚችሉት አይደለም። በኮምፒውተር የሚሠራ ሰው፣ ያውም ጽሑፍ የሚያስረክብ፣ በላክሽሚ መንገድ አጠገብ ተቀምጦ ምን ሊጽፍ ይችላል?

ደግሞም አንዳንድ ልጆቻችን ‹ይህ እኮ እንደ ጥምቀታችን ነው፤ ወደ ውኃ መውረዱ፣ እልልታው› ሲሉ እሰማለሁ። ይህ ንጽጽር ሁለቱንም ወገን አይጠቅምም። ታቦቱ ከባሕረ ጥምቀቱ ወደ መንበሩ ይመለሳል፤ የእነርሱ ምስል ግን እንዲሟሟ ተደርጎ ይተዋል፤ ትርጉሙም የሚመጣ ሁሉ የሚሄድ መሆኑ ነው። የራሳቸውን በራሳቸው ቋንቋ ብንረዳላቸው ይሻላል።

የፑኔ ነዋሪ፦ ነሐሴ 25

በንጽጽሩ ላይ ዓለም አየሁ ካሉት ጋር እስማማለሁ። ከከተማ መውጣቱ ግን ለሁሉም የሚሆን አይደለም፤ ገንዘብ ይጠይቃል፣ ባቡሩና አውቶቡሱም በዚያ ሰሞን ወደ ኮንካን ባሕር ዳርቻ ለበዓል በሚሄዱ ሰዎች የተያዘ ነው። ቢቻል መስከረም 14 ማታ አውንድ ወይም ባኔር ወደሚኖሩ ወገኖቻችን ዘንድ ሄዶ ማደር ይበቃል። እዚያም በዓሉ አለ፤ የሰልፉ ጎርፍ ግን የለም።

እናት ከኮትሩድ፦ ነሐሴ 26

ባለቤቴ እዚህ የሚሠራ ሲሆን እኔ ልጅ አሳዳጊ ነኝ። ስለ ጩኸቱ ልጻፍ፤ ዓምና አራስ ይዤ ስለ ነበር ጉዳዩን በደንብ አውቀዋለሁ። የሰፈራችን ማንዳል ድምፅ ማጉያውን የተከለው በቀጥታ በመኝታ ቤታችን መስኮት ትይዩ ነበር።

በሕንድ የድምፅ ብክለት ደንብ መሠረት ድምፅ ማጉያ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት የተከለከለ ነው፤ የክልሉ መንግሥት ግን በዓመት እስከ 15 ለሚደርሱ የበዓል ቀናት እስከ እኩለ ሌሊት ሊፈቅድ ይችላል። በሆስፒታል፣ በትምህርት ቤትና በፍርድ ቤት ዙሪያ 100 ሜትር ደግሞ ጸጥታ የሚጠበቅበት ክልል ነው። ይህን ማወቅ ጥሩ ነው፤ በ112 ወደ ፖሊስ መደወልም መብት ነው። እኛ ግን በዚያ አልጀመርንም። ከታች የሚኖሩት አዛውንት መምህር ከባለቤቴ ጋር ሄደው የማንዳሉን ሰብሳቢ አነጋገሩልን። ሕፃኑን ይዤ ወጣሁ። ሰብሳቢው የኮሌጅ ተማሪ ይመስላል፤ ልጁን አየና ወዲያው ሁለት ጓደኞቹን ጠርቶ የድምፅ ማጉያውን አፍ ወደ ዋናው መንገድ አዞሩት፤ የጠዋቱን መዝሙርም ከ2 ሰዓት በኋላ አደረጉልን። ከዚያ በኋላ በየማታው ‹ሕፃኑ ተኛ ወይ?› እያሉ ይጠይቁን ነበር። የውጭ አገር ሰው ብቻውን ሄዶ ቢቆጣ ይህ የሚሆን አይመስለኝም፤ የሰፈሩን ሽማግሌ ማስቀደም እዚህም ይሠራል።

መዋጮውን በተመለከተ ወጣቶቹ ደረሰኝ ይዘው በየበሩ ይመጣሉ። የሚከፈል ግዴታ የለም። እኛ ማንዳሉ ለሚያዘጋጀው የደም ልገሳ እንዲውል ብለን ጥቂት ሰጠን፤ እነርሱም ደረሰኙ ላይ እንዲሁ ጻፉልን።

አንድ የቤት ነገር ልጨምር። ሳህን ሲላክልሽ ባዶውን አትመልሺ። እዚህም እንደ እኛ አገር ነውር ነው። ምግቡን ባትበዪም እንኳ በሳህኑ ላይ ፍራፍሬ ወይም ድፎ ዳቦ አድርገሽ መልሺ፤ በቀኝ እጅ መስጠትና መቀበል፣ ወደ ቤታቸው ስትገቢ ጫማ ማውለቅም አይረሳ። በመጀመሪያው ማታ ጎረቤቶችሽ ጨረቃን ላለማየት ሲጠነቀቁ ብታዪ አትገረሚ፤ በዚያች ሌሊት ያያት ሰው ያለ ጥፋቱ ይታማል የሚል እምነት አላቸው።

ሐሩን፦ ነሐሴ 26

አሰላሙ ዐለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ። እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ካምፕ በሚባለው ሰፈር እኖራለሁ። እኛም ፕራሳድ አንበላም፤ ጓደኞቼ ስለሚያውቁ ፍራፍሬና ሻይ ያቀርቡልኛል።

ለአዲስ ገቢዋ የምነግራት በ2016 ዓ.ም. የሆነውን ነው። በዚያ ዓመት የጋኔሽ ስንብት፣ መውሊድና የእኛ አገር መስቀል ሦስቱም በአንድ ቀን፣ መስከረም 17 ዋሉ። በማሃራሽትራ ያሉ የሙስሊም መሪዎች የመውሊዱን ሰልፍ ወደ ማግስቱ አዛወሩት፤ የክልሉ መንግሥትም የመውሊድን የሥራ ዕረፍት አብሮ ወደ ማግስቱ አደረገው። ሁለቱ ሕዝቦች ያለ ግፊያና ያለ ቅሬታ በየተራ አከበሩ። ይህን ያዩ ዓይኖቼ ስለ ከተማዋ ያላቸው አመለካከት ከዚያ ወዲህ ተለውጧል። እርግጥ ሁልጊዜም ሁሉም ቦታ እንዲህ ነው ማለቴ አይደለም፤ ውጥረት በሚሰማበት ሰዓትና ሰፈር ከሰልፍ መሀል አለመገኘት ብልህነት ነው። በሰልፉ ውስጥ ወደ ፊትሽና ወደ ልብስሽ ጉላል የሚባል ቀይ ዱቄት ይበተናል፤ አስም ካለብሽ ማስክ አድርጊ።

አዲስ ገቢ፦ ነሐሴ 27

እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ምዝገባዬን ጨርሻለሁ፤ መስከረም 14 ማታ ባኔር ካለች የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ዘንድ ለማደርም ተነጋግረናል። የምላሹን ሳህን ነገር ባላውቀው ኖሮ ይቆጨኝ ነበር።

ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። እንቁጣጣሽ ከበዓሉ ሦስት ቀን ቀድሞ ነው፤ ዶሮ ወጥ ሠርተን ጥቂት ጓደኞች ልንጠራ አስበናል፤ ሕንፃው ውስጥ ብዙዎቹ ሥጋ አይበሉምና ያስቀይማል ወይ? ደመራ ደግሞ ከስንብቱ ማግስት ቅዳሜ መስከረም 16 ነው፤ የት ነው የሚከበረው?

እናት ከኮትሩድ፦ ነሐሴ 27

ከጋኔሽ በፊት ያለው ሽራቫን የሚሉት ወር ነው፤ በሌላ ጊዜ ሥጋ የሚበሉ ቤተሰቦች እንኳ በዚህ ወር ይታቀባሉ፤ ብዙዎቹም እስከ ስንብቱ ድረስ ይቀጥላሉ። የኪራይ ውልሽን እዪው፤ በአንዳንድ ሕንፃ ሥጋ ማብሰል ጭራሽ አይፈቀድም። የሚፈቀድ ከሆነ ቁሌቱን ቀን ላይ በሩን ዘግተሽ አብስዪ፤ አጥንቱንና ላባውን በሁለት ፌስታል አሥረሽ ራስሽ አውጪ፤ ለቆሻሻ ሰብሳቢዋ በደረጃ ላይ አትተዪ። የበሬ ሥጋ ግን በፍጹም እንዳታስቡት፤ በማሃራሽትራ ከእ.ኤ.አ. 2015 ጀምሮ በሬና ወይፈን ማረድም ሥጋውን መሸጥም በሕግ ያስቀጣል። ፍየልና ዶሮ በካምፕ ገበያ ይገኛል። ለእንጀራው ጤፍ ካጣሽ በማራቲ ናችኒ የሚሉት ዱቄት ዳጉሳ ነው፤ ከጥቂት የሩዝ ዱቄት ጋር ሲቦካ ዓይኑ ደኅና ይወጣል።

ወለተ ማርያም፦ ነሐሴ 27

ደመራውን በሕንፃው ጣሪያ ላይ ለማብራት እንዳታስቡ። ፖሊሶቹ ከስንብቱ ሥራ ገና ያልወጡ ስለሚሆኑ እሳትና ስብስብ ካዩ ማስቆማቸው አይቀርም። በፑኔ የማላንካራ ኦርቶዶክስ አጥቢያዎች አሉ፤ ከእኛ ቤተ ክርስቲያን ጋር በእምነት አንድ ናቸው። እነርሱ የመስቀልን በዓል የሚያከብሩት እ.ኤ.አ. መስከረም 14 ቀን ስለሆነ፣ ዘንድሮ ጋኔሽ በሚገባበት በዚያው ቀን ይውላል። ከቅዳሴው በኋላ ካህኑን አነጋግረን ለእኛ ደመራ ግቢውን እንዲፈቅዱልን ለመጠየቅ አስበናል። የሚመጣ ሁሉ ስሙን እስከ ጳጉሜን 3 በግል መልእክት ይላክልኝ፤ ችቦው ትንሽ ይሆናል፤ ነጠላ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ።